ሁለተኛ የመኪና ባትሪን ከዲናሞ፣ ከሶላርና ከቤት መብራት እንዴት በሰላም ቻርጅ እናድርግ?

የቡና ሰሞን ሲመጣ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ሌሊቱም ሥራ ነው። እሸት ቡና የጫነ መኪና መፈልፈያው በር ላይ ተራ ይጠብቃል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ መብራቱ፣ ቴፑና የስልክ ቻርጀሩ ግን እየሠሩ ነው። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር "ጠቅ፣ ጠቅ" ብቻ! ብዙዎች ሁለተኛ ባትሪ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

ይሄን ባትሪ ከሦስት ምንጮች መሙላት ይቻላል። ሦስቱንም አንድ ባትሪ ላይ ማሰርም ይቻላል። ሕጉ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ መቆጣጠሪያ ይኑረው።

ቁጥሮቻችን ለ12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ናቸው። ቻርጅ ካቆመ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በቴስተር ስንለካው 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ገደማ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሊቲየም ከሆነ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ይፈልጋል።

1. ከዲናሞ
ሞተር ሲሠራ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሁለቱን ባትሪዎች በሽቦ ብቻ ካገናኘን ማታ አብረው ያልቃሉ። መሃል ላይ መለያያ ሪሌ ይግባ፤ ሞተር ሲነሳ ያገናኛል፣ ሲጠፋ ይለያል። ሽቦው ወፍራም ይሁን። ፊውዝ ደግሞ በሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ አጠገብ ይግባ። ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ ከሁለቱም በኩል እሳት ሊነሳ ይችላልና።

2. ከሶላር
"12 ቮልት" የሚባለው ፓነል ፀሐይ ላይ ብቻውን ሲለካ 20 ቮልት ያልፋል። በቀጥታ ካሰርነው የባትሪውን ውሃ ያፈላዋል። ስለዚህ ኮንትሮለር ግድ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓነሉን እናስራለን፤ ስንፈታ በተቃራኒው። 100 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ 5 አምፒር ገደማ ይሰጣል፤ ደመና ሲሆን በጣም ያንሳል።

3. ከቤት መብራት
ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር እንጠቀም። ለ70 አምፒር ሰዓት ባትሪ 7 አምፒር ገደማ ይበቃል። ክሊፖቹ ከታሰሩ በኋላ ሶኬት ይሰካ፤ ሲያልቅ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ መኝታ ቤት ውስጥ አይሆንም። ውሃውን ለማየት ላይተር አትለኩሱ፤ የስልካችሁ መብራት ይበቃል።

ሦስቱም አብረው ሲሠሩ
ሶላሩ ቮልቱን ከፍ ሲያደርገው ቻርጀሩ "ሞልቷል" ብሎ ሊቀንስ ይችላል። ተበላሸ ማለት አይደለም። የሦስቱ አምፒር ድምር ግን ባትሪው ከሚችለው እንዳይበልጥ።

አይሱዙ ላላችሁ
ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለቱ ባትሪዎች ተቀጣጥለው እንደ አንድ ይሠራሉ። ለቴፕ ብላችሁ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት አትሳቡ፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላና ሁለቱም ይሞታሉ። 24ን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ አለ።

ባትሪው በጣም ከጋለ፣ ካበጠ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ወዲያው ምንጩን አጥፉና ራቁ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ካደረጋችሁ ኮፈኑን ክፈቱና ፊውዝ መኖሩን እዩ። መንገድ ላይ ለሚያድር ጓደኛችሁም አጋሩት።