ዝም ያለ ሞተር ሁሉ ደኅና አይደለም

ከእድራችን አባላት መካከል በመካኒክነትና በሾፌርነት እንጀራ የሚበሉ ስላሉ፣ ዘንድሮ ስለ ቀደምት መኪናዎች የቫልቭ ሕመምና ስለ አመረማመሩ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በዴ ዲዮን ቡቶን፣ የመግቢያው ቫልቭ የሚከፈተው በፒስተኑ ስበት ብቻ ነበር፤ የሚዘጋውም በደካማ ሞላ ነው። ኋላ ግን ሁለቱንም ቫልቮች ካምሻፍት እየገፋ ይከፍታቸው ጀመር። ከነዚህ መኪናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከጋራዥ የራቁ ገበሬዎች ስለነበሩ፣ ሐኪሙም ባለቤቱ ራሱ ነበር።

ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አልሠራ ሲል ባለቤቱ የቦቢናውን ሣጥን ከፍቶ፣ የሚንቀጠቀጡትን ምላሶች በጣቱ እየያዘ ሲሊንደሮቹን በተራ ያግዳል። ሲታገድ የሞተሩ አካሄድ ካልተለወጠ ሕመምተኛው ያ ነው። ካንዴላውና ቦቢናው ደኅና ከሆኑ ቫልቭ ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ማኖቤላውን በዝግታ ወደ ላይ ይስባል። በየግማሽ ዙሩ አንድ ሲሊንደር ክንዱን ሊከብደው ይገባል፤ ያልከበደው አየር ያስወጣል ማለት ነው። ታዲያ በየት በኩል? እዚህ ላይ ጆሮ ይሠራል። ሽውታው በካርቡራተር በኩል ከተሰማ የመግቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታ በኩል ከሆነ የማስወጫው፣ ከታች ከዘይቱ ቤት ከሆነ ፋሻው ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን በቫልቩ እግርና በገፊው መካከል ያለው ክፍተት ነው። የፎርድ መመሪያ ከ1/64 ኢንች እንዳያንስ፣ ከ1/32 ኢንች እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር፤ ይኸውም ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሲሰፋ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ቫልቩም ዘግይቶ ይከፈትና ቀድሞ ይዘጋል። ሲጠብ ድምፅ የለም፤ ሰውም ተሻለው ይላል። ነገር ግን ብረት ሲግል ይረዝማልና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል። ሙቀቱን ለመቀመጫው የሚያስረክበው ሲዘጋ ስለሆነ፣ ካልዘጋ እሳቱ ጠርዙን ይበላዋል።

ሞዴል ቲ ክፍተቱን የሚያስተካክል ብሎን አልነበረውም። መመሪያው መጀመሪያ ገፊውን፣ ያ ካልበቃ ቫልቩን መለወጥ ነው የሚለው። የቫልቩን እግር ቀጥቅጦ ማስረዘምን አይመክርም፤ አዲሱ ዕቃ ከድካሙ ይረክሳልና። የቫልቩ ፊት ብቻ ከተበላሸ ደግሞ፣ ከመስታወት ዱቄትና ከዘይት የተለወሰ ቅባት እየቀቡ ወዲያና ወዲህ በማሸት፣ አልፎ አልፎም ከፍ እያደረጉ፣ እስኪያበራ ድረስ ከመቀመጫው ጋር ያስማሙታል።

እንግዲህ የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት ብቻውን ጥገና አይባልም። ይህ በሞተር ብቻ አይደለም፤ በየወሩ ስንሰበሰብ ችግሩን ከሚናገረው ይልቅ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ጎረቤታችንን ጠጋ ብለን እንጠይቀው።