ምስል ማነባበር፦ ብዙ የደበዘዙ ፎቶዎች አንድ ጥርት ያለ ሰማይ ሲሆኑ

መስከረም ጠብቶ የክረምቱ ደመና ከጮቄ ተራሮች ላይ ሲነሳ የደብረ ማርቆስ ሰማይ ይከፈታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የላይዋ አየር ስስ ነው፤ ከመብራቱ ወጣ ላለ ሰው ደግሞ ጨለማው ድቅድቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰማይ የብዙ አገር ፎቶ አንሺዎች በገንዘብ የሚፈልጉት ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ ለጥቂት ሰከንድ የሚያነሳ ጀማሪ የሚያገኘው ምስል የደበዘዘና በነጠብጣብ የተወረረ ነው።

መፍትሔው በእንግሊዝኛ «ኢሜጅ ስታኪንግ» ይባላል። ለአማርኛው «ምስል ማነባበር» ይስማማዋል። «መደራረብ» ቅርብ ቃል ቢሆንም የተደራረበ ነገር የላይኛው የታችኛውን ይሸፍነዋል። በዚህ ዘዴ ግን አንዱም ምስል አይሸፈንም፤ አነባበሮ ሁለት እንጀራ ሳለ እንደ አንድ ተቆርሶ እንደሚበላ፣ ምስሎቹም ሁሉም ድርሻቸውን ሰጥተው አንድ ይሆናሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ከሰማይ የመጣ ብርሃንና ፎቶ አንሺዎች «ኖይዝ» የሚሉት የዘፈቀደ ነጠብጣብ አብረው አሉ። ኮከቡ በሁሉም ምስል ላይ ይገኛል፤ ነጠብጣቡ ግን በየምስሉ ቦታውን ይቀያይራል። ምስሎቹን የሚያነባብረው ሶፍትዌር ኮከብን ከኮከብ ጋር ገጣጥሞ አማካዩን ሲያወጣ ብርሃኑ ይጸናል፣ ነጠብጣቡ ይሟሟል። 100 ምስል ሲነባበር ጥራቱ 10 እጥፍ ያድጋል። 20 እጥፍ ለማድረስ ግን 400 ምስል ያስፈልጋል፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። የደጋው ብርድ ለሰው ባይመችም ለካሜራው ግን ይረዳዋል፤ ሙቀት የሚፈጥረው ነጠብጣብ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል።

የዘዴው ታላቅ ምስክር የሃብል ቴሌስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ባዶ የሚመስል አንዲት የሰማይ ቁራጭ ላይ አነጣጥሮ 342 ምስሎች አነሳ። ሲነባበሩ 3,000 ያህል ጋላክሲዎች ወጡ። ያኔ በዋናነት የጠፈር ሳይንቲስቶች የነበረው ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ጎግል ፒክስል 4 ስልክ ገባ፤ ስልኩ እስከ 15 ምስሎችን እያንዳንዳቸውን እስከ 16 ሰከንድ እያነሳ ራሱ ያነባብራል።

ለጎጃም ደጋ ዘዴው የተለየ ጥቅም አለው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ካሜራው ረጅም ጊዜ ከተከፈተ ኮከቦቹ ወደ መስመር ይለወጣሉ። በጥር ምሽት ከደብረ ማርቆስ አናት አጠገብ የሚያልፈው የኦሪዮን ኔቡላ ደግሞ የሰማይ ወገብ አካባቢ ስላለ ከሁሉ ፈጥነው ከሚጓዙት ወገን ነው። ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር ማቆሚያ መግዛት ይቻላል፤ ግን ውድ ነው፣ የሚስተካከለውም ብዙ ጊዜ በሰሜን ኮከብ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል አንድ ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ስለዚህ እዚህ የጥቂት ሰከንድ ምስሎችን በብዛት አንስቶ ቀሪውን ለሶፍትዌሩ መተው ያዋጣል።

የሶፍትዌር ሠሪዎቹ የማሻሻያ ሥራም ከዚሁ ችግር ጋር ይገናኛል። ካሜራው ቆሞ ሰማዩ ሲዞር፣ ሌንሱም ጠርዝ ላይ ምስሉን ሲያዛባ፣ የመካከሉ ኮከቦች ተገጣጥመው የዳር ዳሮቹ ይሳሳታሉ። ሲሪል የተባለው ነጻ ፕሮግራም በ1.4 እትሙ ምስሉን ከኮከቦች ካታሎግ ጋር አመሳክሮ የሌንሱን መዛባት አስልቶ የሚገጣጥምበትን መንገድ አምጥቷል። ሁሉንም ምስል እኩል ከመቁጠር ይልቅ ጥራት ላለው ብዙ ክብደት መስጠትም ይቻላል፤ ስስ ደመና ሽው ባለበት ሌሊት የብዙ ሰዓት ድካም የሚተርፈው በዚህ ነው።

ሌላው ፈተና የሳተላይት መስመር ነው። በሺህ የሚቆጠሩት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ምስሉን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ማነባበር ይህንንም ይመክታል፤ በአንድ ምስል ላይ ብቻ የታየ ብርሃን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ባዕድነቱ ይለያልና ይጣላል። በቺሊ ያለው የሩቢን ኦብዘርቫቶሪ አንዱን የሰማይ ክፍል በ10 ዓመት 800 ጊዜ ያህል ሊያነሳ ያቀደ በመሆኑ ለዚህ ማጣሪያ ትልቅ ትኩረት ተሰጥቶታል። ጉዳዩ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ላላት ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም።

ከላይ የተጠቀሰው የሲሪል ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የትእዛዝ ዝርዝሩንም በጎ ፈቃደኞች ወደየቋንቋቸው ይመልሱታል። ሥራው በሦስት ትእዛዞች ላይ ስለሚቆም ለአማርኛ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ የካሜራውን ጉድለት «ማስተካከል»፣ «ማገጣጠም»፣ «ማነባበር»። ከአማርኛ መምህራንና ከፊዚክስ ተማሪዎች የተውጣጣ ትንሽ ቡድን በአንድ የዕረፍት ወቅት ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።