ረድእ

ረድእ (ብዙ ቁጥሩ አርድእት) የግእዝ ቃል ነው፤ «ረድአ»፣ ማለትም «ረዳ»፣ ከሚለው ግስ ይወጣል። የአማርኛዎቹ «ረዳት» እና «እርዳታ» ከዚያው ሥር ናቸው። «ደቀ መዝሙር» ተማሪነቱን ሲያጎላ፣ «ረድእ» አገልጋይነቱን ያጎላል። በገዳም ረድእ የሚባለው አባቶችን እያገለገለ፣ ውኃ እየቀዳና እንጨት እየለቀመ፣ ሥርዓቱን የሚማር ነው።

በቤተ ክርስቲያን አርድእት ሲባል፣ ጌታ ሁለት ሁለት አድርጎ የላካቸው 72ቱ ይታወሳሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የታዘዙት በቅደም ተከተል ነው፤ የገቡበትን ቤት ሰላም እንዲሉ፣ የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ሕሙማንን እንዲፈውሱ፣ ከዚያም የእግዚአብሔር መንግሥት መቅረቧን እንዲናገሩ።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ንግግሩን እናስቀድማለን። ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት የድንኳኑን ችካል የሚመታ፣ ከጓዳ ገብቶ ብርጭቆ የሚያጥብ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲልም «እንዴት ዋላችሁ?» ብሎ በሩን የሚያንኳኳ ክርስቲያን ረድእ የሚለውን ስም በተግባር ይዞታል። እንዲህ ያለውን ሰው ባለቤቶቹ አንድ ቀን ስለ እምነቱ መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ዝም ማለት ትሕትና አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ እንዳሳሰበው፣ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነትና በአክብሮት ለመመለስ የተዘጋጀን እንሁን።