ዳኛና ሐኪም በአንድ ችሎት

(በሬድዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ፤ ክፉ ልማድ በሰው ላይ ሥር ከሰደደ በኋላ በተግሣጽና በቅጣት ብቻ የማይለቅ መሆኑን ያስረዳል። ዛሬ የምንነጋገረው፤ የአሜሪካ ሰዎች በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘውን ተከሳሽ ለዳኛ እንስጠው ወይስ ለሐኪም እያሉ ሰባ አምስት ዓመት ያህል ከተቸገሩ በኋላ፤ ሁለቱን በአንድ ችሎት ስላገናኙበት ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1914 ዓ. ም. የሃሪሰን ሕግ የተባለው ወጣና የኦፒየምንና የኮካይንን ንግድ በመዝገብና በቀረጥ ሥር አደረገው። በ1919 ዓ. ም. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ ሐኪም የሱሰኛውን ልማድ ለማቈየት ብቻ ዕፅ ሊያዝለት አይገባም ሲል ፈረደ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ክስን ፈርተው ከሱሰኛው ሸሹ፤ ሱሰኛውም ወደ ስውር ነጋዴ፤ ከስውር ነጋዴውም ወደ ወኅኒ ቤት ሄደ።

ወኅኒ ቤቶቹ በሱሰኞች በተጣበቡ ጊዜ፤ ምክር ቤቱ በ1929 ዓ. ም. ሁለት ልዩ የሕክምና ቦታዎች እንዲሠሩ ፈቀደ። የመጀመሪያው በ1935 ዓ. ም. በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ ተከፈተ። በዚያ ሰፊ እርሻ ላይ የተፈረደበት እስረኛና በፈቃዱ የመጣ ሕመምተኛ በአንድ ግቢ እየኖሩ ይሠሩና ይታከሙ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ታክሞ የወጣው ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈርና ወደዚያው ባልንጀራ ነበረና፤ የሚበዙት ወደ ቀድሞው ልማዳቸው ተመለሱ። በር እስኪያልፉ ድረስ ጠባቂ ነበራቸው፤ በሩን ካለፉ በኋላ ግን የሚጠይቃቸው አልነበረም።

በ1962 ዓ. ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ታላቅ ፍርድ ሰጠ። በካሊፎርኒያ ግዛት፤ ሱሰኛ ሆኖ መገኘት ብቻውን ቢያንስ የ90 ቀን እስራት የሚያስፈርድ ወንጀል ነበር። ፍርድ ቤቱም ዕፅ መያዝና መሸጥ ቢያስቀጣ ይገባል፤ ሰው በሕመሙ መቀጣት ግን አይገባውም ብሎ ሕጉን ሻረው። ሱስ ሕመም መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ሕመምተኛው ወንጀል ሠርቶ ሲቀርብ ዳኛው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

መልሱን ያስፈለገው ችግር ነው። ከ1980 ዓ. ም. በኋላ ክራክ የሚባለው በጢስ የሚሳብ ኮካይን ከተሞችን አጥለቀለቀ። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ ይዞ ለመሸጥ የተገኘውን ከ5 ዓመት በማያንስ እስራት ይቀጣ ነበር። በፍሎሪዳ ግዛት በማያሚ ከተማ ያሉ ዳኞች፤ ያንኑ ሰው በዚያው ወንጀል ደጋግመው ሲፈርዱበት፤ እስር ቤቱም ከልክ በላይ ሲሞላ አዩ። ስለዚህ ዋናው ዳኛ ጄራልድ ዌዘሪንግተን ነገሩን ባልደረባቸው ዳኛ ሄርበርት ክላይን እንዲያጠኑት አዘዙ። በ1989 ዓ. ም. አዲሱ ችሎት ተከፈተ፤ ወንበሩንም ቀድሞ ፖሊስ፤ ኋላም ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ዳኛ ስታንሊ ጎልድስታይን ያዙ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዕፅ ይዞ የተገኘ፤ ነገር ግን በመሸጥ ወይም ሰው በመጉዳት ያልተከሰሰ ሰው፤ ቢስማማ ክሱ ይቆምለትና ወደ ሕክምና ይላካል። አንድ ዓመት ያህል ምክር ይሰማል፤ ሽንቱ እየተመረመረ በየጊዜው እዚያው ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዳኛውም በጠበቃ በኩል ሳይሆን ራሱን ያነጋግሩታል፤ ሥራ አገኘህን፤ ለምን ቀረህ ይሉታል። ቢበረታ ያመሰግኑታል፤ ቢወድቅ ይገሥጹታል፤ ለጥቂት ቀንም ሊያሳስሩት ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ግን አይጥሉትም። የፈጸመው ሰው ክሱ ይሰረዝለታል። በሌክሲንግተን የጎደለው ይህ ነበረ፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቅና የሚጠይቅ ሰው።

ጉዳዩ በተለይ የመንግሥት ሠራተኛውን ሊያሳስበው ይገባል። በቀድሞው ልማድ ዐቃቤ ሕጉ፤ ተከላካይ ጠበቃው፤ ሐኪሙና ዳኛው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፋይል ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ሰውየው ግን በፋይሎቹ መካከል ይጠፋ ነበር። በአዲሱ ችሎት አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ አንድ ሰው ይመክራሉ። በጊዜው የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጃኔት ሬኖ ሐሳቡን ደግፈው ነበር፤ በ1993 ዓ. ም. የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1994 ዓ. ም. የወጣው ሕግም ለእንደዚህ ያሉ ችሎቶች ገንዘብ መደበ። ዛሬ በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ይገኛሉ፤ በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ በ1998 ዓ. ም.፤ በአውስትራልያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ1999 ዓ. ም. ይህንኑ ጀመሩ። በ2012 ዓ. ም. ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸሩ ሊቃውንት፤ በተራው ችሎት ከ100 ሰዎች 50 ወደ ወንጀል ቢመለሱ፤ በዚህኛው ችሎት የሚመለሱት 38 ያህል መሆናቸውን ገምተዋል።

ነገር ግን ነቀፋው መሰማት አለበት። በአንዳንድ ችሎት ተከሳሹ አስቀድሞ ጥፋቱን ያምናል፤ ሕክምናው ሳይሳካለት ሲቀር፤ በመጀመሪያ ሊፈረድበት ይችል ከነበረው የከበደ ቅጣት የሚደርስበት አለ። ደግሞም አንዳንድ ዳኞች ሥልጣናቸውን አልፈው፤ ሐኪም ለሱሰኛው ያዘዘውን ሜታዶንን የመሰለ መድኃኒት ከልክለዋል። በ2015 ዓ. ም. የፌዴራሉ መንግሥት፤ በርሱ ገንዘብ የሚሠራ ችሎት እንዲህ ያለውን መድኃኒት እንዳይከለክል ደነገገ። ዳኛና ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ የሌላውን ወንበር ሲወስድ ግን ሕመምተኛው እንደገና ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮች፤ የጦጣይቱ ምሳሌ እውነት ነው፤ ልማድ ይከብዳል። ዳሩ ግን ስለ ልማድ እንጂ ስለ ፍርድ የተነገረ አይደለም። ከማያሚ የተገኘው ትምህርት፤ የወደቀውን ሰው በስሙ ጠርቶ፤ በቀጠሮው ቀን ጠብቆ፤ እንደገና የሚጠይቀው ባለሥልጣን ሲገኝ፤ ሕግ ሳይላላ ሰው ሊድን የሚችል መሆኑ ነው።