በሜክሲኮ ከተማ የተከራዮች መብት

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፤

አዲስ አበባችን አደባባይ የሰየመችላት የሜክሲኮ አገር ዋና ከተማ፣ መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ማለዳ በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። የቆመችው በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ አፈር ላይ ነበርና ብዙ ሕንፃ ፈረሰ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ፍርስራሹን እየቧጠጠ ነፍስ ለማዳን ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ነበር።

መጠለያ ካጡት ብዙዎቹ ድኻ ተከራዮች ነበሩ። «ከሰፈራችን አንነቀልም» ብለው ተደራጅተው ሰልፍ ወጡ። መንግሥትም በጥቅምት 1978 የፈረሱትን ይዞታዎች በአዋጅ ከባለቤቶቹ ወሰደ፤ ወደ 48 ሺህ የሚጠጋ ቤት ተሠርቶና ታድሶ በአነስተኛ ክፍያ ለነዋሪው ደረሰ።

እንግዲህ እኛም እንማር። በመከራ ቀን የሚጠየቀው የቤት ካርታ ብቻ ከሆነ ተከራይ ሜዳ ላይ ይቀራል እኮ! መዝገባችን ተከራዩንም ደባሉንም ከዛሬው ይያዝ፤ ድንኳናችን ለሁሉም እኩል እንደሚተከል ርዳታውም እኩል ይድረስ።