የዲስክ መጻፊያ አለመታወቅ (ሊኑክስ)

የዲስክ መጻፊያ አለመታወቅ በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ላይ ሲዲ ወይም ዲቪዲ የሚጽፈው መሣሪያ (በተለምዶ በርነር ወይም ራይተር) ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ ሳለ የመጻፊያ ፕሮግራሙ ሳያገኘው ሲቀር የሚፈጠር ችግር ነው። መንስኤው ከዕቃው፣ ከከርነሉ ወይም ከተጠቃሚው ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የትኛው እንደሆነ ስለማይናገር፣ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል።

በማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ መጻፊያ በባዮስ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ ችግሩ ሊኑክስን አይመለከትም፤ የዳታና የኃይል ኬብሎቹ ይፈተሹ። በዩኤስቢ የሚሠራ ቀጭን መጻፊያ ከሆነ ኃይል ሊያንሰው ይችላል፤ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ሁለት መሰኪያ ካለው ኬብል ጋር የሚሸጡት።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከርነሉ ነው። «ዲሜሴጅ» የተባለው ትእዛዝ ከርነሉ ያገኛቸውን መሣሪያዎች ይዘረዝራል። መጻፊያው ከታወቀ «ዴቭ» በተባለው ማኅደር ውስጥ «ኤስአር0» የሚል ፋይል ይኖራል። በቆዩ መመሪያዎች ውስጥ ግን «ኤችዲሲ» የሚል ስምና «አይዲኢ-ስካዚ» የሚባል ማስመሰያ ይገኛል። ይህ የከርነል 2.4 ዘመን ዘዴ ነው፤ «ሲዲሬኮርድ» የተባለው ፕሮግራም የሚያውቀው የስካዚ ቋንቋ ብቻ ስለነበር የአይዲኢ መጻፊያዎች ስካዚ መስለው መቅረብ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 የወጣው ከርነል 2.6 ይህን አላስፈላጊ አደረገው፤ ማስመሰያውም በኋላ ከከርነሉ ወጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ያንን መመሪያ መከተል ጊዜ ማባከን ነው።

ፋይሉ እያለ ፕሮግራሙ መጻፊያውን ካላየ በአብዛኛው የጎደለው ፈቃድ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ፋይሉ የ«ሲዲሮም» ቡድን ነው፣ በአርች ሊኑክስ ደግሞ የ«ኦፕቲካል»። ፕሮግራሙ በሩት ሲከፈት መጻፊያውን አግኝቶ በተራ ተጠቃሚ ስም ካጣው ተጠቃሚውን ወደ ቡድኑ ማስገባት በቂ ነው። ለውጡ የሚሠራው ግን ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው መፍትሔውን አግኝቶ ይተወዋል። ፕሮግራሙን ሁልጊዜ በሩት መክፈት አይመከርም።

ባዶ ዲስክ ሲገባ የፋይል ማሳያው ምንም ካላሳየም ብልሽት አይደለም። ባዶ ዲስክ የፋይል ስርዓት ስለሌለው «ማውንት» ሊደረግ አይችልም፤ የመጻፊያ ፕሮግራሙ ግን በቀጥታ ያየዋል።

አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ ከመነሻው መጻፊያ አይደለም። «ኮምቦ» የሚባሉት ዲቪዲ ያነባሉ እንጂ የሚጽፉት ሲዲ ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ በ«ፕሮክ» ማኅደር ሥር፣ በ«ሲስ»፣ «ዴቭ» እና «ሲዲሮም» ውስጥ ያለውን «ኢንፎ» የተባለ ፋይል መክፈት ይቻላል። መሣሪያው እያንዳንዱን የዲስክ ዓይነት መጻፍ ከቻለ 1፣ ካልቻለ 0 ተጽፎ ይገኛል።