ቤት ስንገዛ መሬቱን ማስለካት ያስፈልጋል?



ቤት የሚገዛ ሰው ጣሪያውን ያያል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ውሃና መብራት መኖሩን ይጠይቃል። ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ የካርታውን ኮፒ ይዞ ትክክለኛነቱን፣ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እግድ ነጻ መሆኑን ያጣራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ካርታው ትክክለኛ ነው ማለት አጥሩ ካርታው በሚለው ቦታ ላይ ቆሟል ማለት አይደለም። ካርታው 200 ካሬ እያለ ግቢው 180 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ 230 ሊሆንም ይችላል። አብዛኛው ገዢ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። እኔ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱም ትርፉ 30 ካሬ የሻጩ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምንገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ በካርታው ያልተካተተው ቦታ ወይ የጎረቤት ነው ወይ የመንግሥት። ነገ መንገድ ሲሰፋ ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊው ይዞታ ነው፤ ለትርፉ የከፈልነው ገንዘብ ግን ከሻጩ ጋር ሄዷል። ይህ የዱንያው ኪሳራ ነው።

የአኺራው ከዚህ ይከብዳል። ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ሶሓቦች አንዱ የሆኑትን ሰዒድ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አርዋ የተባለች ሴት መሬቴን ወስደዋል ብላ መርዋን ዘንድ ከሰሰቻቸው። እሳቸውም ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በትንሣኤ ቀን ሰባት ምድር አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠምበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሙ በኋላ እንዴት እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቁ። መሬቱንም ተዉላት። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ልብ እንበል፤ የተጠቀሰው ስንዝር ነው። በዐሊይ (ረ.ዐ) በኩል በሙስሊም በተዘገበው ሐዲሥ ደግሞ የመሬት ምልክትን የሚለውጥ ሰው ተረግሟል። አጥሩን የገፋው ሻጩ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ የሚል ይኖራል። እያወቀ የገዛ ግን እዚያው ግፍ ላይ ይቀጥላል፤ ያላወቀም ባወቀ ጊዜ የመመለስ ግዴታ አለበት።

ፉቀሃዎች የመሬት ሽያጭ በልክ ሲሆን ምን እንደሚደረግ በዝርዝር ጽፈዋል። ለምሳሌ በሐነፊ መዝሀብ መሬቱ መቶ ክንድ ተብሎ በአንድ ጠቅላላ ዋጋ ተሸጦ ጎድሎ ቢገኝ፣ ገዢው ወይ በሙሉ ዋጋው ይወስዳል ወይ ይተወዋል። እያንዳንዱ ክንድ ይህን ያህል ተብሎ ከተሸጠ ግን በጎደለው ልክ ዋጋውን ቀንሶ መውሰድም ይችላል። ከዚህ የምንማረው ለውላችን የሚጠቅም ነገር አለ፤ በውሉ ላይ ጠቅላላ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የካሬ ሜትሩን ብዛትና ተለክቶ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ እናስጽፍ።

ልኬቱን በሁለት ደረጃ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያውን ማንም በሜትር ሊሠራው ይችላል። አራቱን ጎኖች ለክቶ ከካርታው ጋር ማስተያየት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ (የመምህርነት አመሌ ሆኖብኝ ልዘርዝረው)። ጎኖቹ 10 እና 20 ሜትር የሆኑ ቦታ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ 200 ካሬ ነው። ማዕዘኑ ተንጋዶ 60 ዲግሪ ከሆነ ግን ጎኖቹ ሳይለወጡ ስፋቱ ወደ 173 ካሬ ይወርዳል! ስለዚህ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሰያፉንም እንለካ። ቀጥ ባለው ቦታ ሁለቱም ሰያፎች 22 ሜትር ከ36 ሳንቲም አካባቢ ይሆናሉ። ሁለቱ ከተለያዩ ቦታው የተንጋደደ ነውና ርዝመትን በወርድ ማባዛት አይበቃም።

ሁለተኛው ደረጃ የቀያሽ ሥራ ነው። በካርታው ላይ የእያንዳንዱ ማዕዘን ኤክስና ዋይ ቁጥር ካለ፣ ቀያሹ በመሣሪያው ነጥቦቹን መሬት ላይ አውጥቶ አጥሩ የት እንዳለ ያሳያል። ይህንን በስልክ ጂፒኤስ ለመሥራት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ስልክ በራሱ በሜትሮች ይሳሳታል፤ በዚያ ላይ በአገራችን ካርታዎች ሲሠራበት የኖረው አዲንዳን የሚባለው መነሻና ስልካችን የሚጠቀምበት ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። የግል ቀያሽ የሚሰጠን ግን እውቀት እንጂ መብት አይደለም። ወሰን በሕግ የሚጸናው በመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ሲረጋገጥ ነው፤ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 የወጣውም ለዚሁ ነው። ይዞታው በካዳስተር ተረጋግጦ ተመዝግቦ እንደሆነ ሻጩን እንጠይቀው።

ይህ ሁሉ መሠራት ያለበት ከቀብድ በፊት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። (ቀብድ በሸሪዓ ያለው ብይን ዑለማዎች የተለያዩበት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።) በጂዳ ወይም በዱባይ ሆነው በውክልና ለሚገዙ እህቶችና ወንድሞች ነገሩ ይብሳል። ወኪሉ የቤቱን ቪዲዮ ይልካል፤ ቪዲዮ ደግሞ ካሬ አያሳይም። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ከሻጩም ከደላላውም ጋር ዝምድና የሌለው ቀያሽ ለክቶ ውጤቱን በጽሑፍ ይስጥ።

ኮንዶሚኒየም ለሚገዛ የቦታ ቅየሳ አያስፈልገውም፤ መሬቱ የጋራ ነው፣ የቤቱን የውስጥ ስፋት መለካት ይበቃል። በመንደር ውል የገበሬ ይዞታ ለሚገዛም ልኬት ምንም አይረዳውም፤ የገጠር መሬት መሸጥ ራሱ የተከለከለ ነውና።

ቀድሞ ገዝቶ አሁን ሲያስለካ አጥሩ ወደ ጎረቤት ገብቶ ያገኘ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ጎረቤቱ ነው። ሁለቱም ወገን ባለበት ቀያሹ ነጥቦቹን ያሳይ፤ የተስማሙበት በጽሑፍ ሆኖ በምስክሮች ይፈረም፤ ከዚያም በመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ወሰኑ ይረጋገጥ። ጎረቤቱ ከሞተ ሐቁ ወደ ወራሾቹ ተላልፏልና የሚነጋገረው ከሁሉም ጋር ነው፤ ከታላቅየው ጋር ብቻ መስማማት የሌሎቹን ድርሻ አያነሳም።